ቴምብር ብሰበስብ ማንን ጎዳሁ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ከጅማ ነው የምፅፍላችሁ። እኔ ቴምብር እሰበስባለሁ፣ አዎ ፖስታ ላይ የሚለጠፈውን፣ እና ይሄን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ "ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል ቀጥሎ "ስንት ይሸጣል?"። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ተጠይቄያለሁ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ በርጫ ላይ የሚውለውን ወይ ማንቼ ተሸነፈ ብሎ እራት የማይበላውን ግን ምን አገኘህበት የሚል የለም። ኳስ እኔም አያለሁ፣ ግን አገር ምድሩ የወደደውን ስትወድ ማንም ምክንያት አይጠይቅህም፣ ብቻህን ከወደድክ አለቀልህ።

በፊት "ታሪክ ይማሩበታል" እያልኩ እገላገል ነበር፣ ውሸትም አይደለም። በ1886 ዓ.ም የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ፓሪስ ነው የታተሙት፣ ዋጋቸው አነስ ያሉት ላይ ምኒልክ ከፍ ያሉት ላይ አንበሳ አለ (እኔ ጋ የሉም፣ አቅሜም አይደለም)። ግን ለታሪክ ብዬ አይደለም የምሰበስበው። የፖስታውን ቁራጭ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ቆይቶ ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ ከወረቀቱ ሸርተት ይላል፣ በወረንጦ ቀስ አድርገህ አንስተህ ነጭ ወረቀት ላይ በፊቱ ትደፋዋለህ (ጋዜጣ ላይ አላደርቅም ይቅርታ፣ ቀለማችሁ ይለቃል)፣ ዙሪያው ካሉት ጥርሶች አንድም ሳይጎድል ከወጣልኝ በቃ ቀኔ በራ። ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሚስቴ ብትጠይቀኝ መብቷ ነው፣ ብሩ የቤት ነው። አልበም ልገዛ ስል አማክራታለሁ፣ የልጆቹ ደብተር ይቅደም ካለች ይቀድማል። ጎረቤት ግን ከኪሱ አምስት ሳንቲም ሳይወጣ ምን ቤት ነው?

የሚብሰው ደሞ ልጆች ላይ ነው። ሰፈራችን እርግብ የሚያረባ ልጅ አለ፣ ትምህርቱ ላይ ጎበዝ ነው ግን ጣሪያ ላይ ስላዩት ብቻ ዱርዬ አሉት፣ አሁን ማንም ሲጠይቀው "አርብቼ ልሸጣቸው ነው" ማለት ለምዷል፣ ይሄን ሲሰሙ ጎሽ ቢዝነስ ገባው ብለው ያመሰግኑታል። እስካሁን አንዷንም አልሸጠም፣ ሊሸጥም አይመስለኝም፣ ለእያንዳንዷ ስም አውጥቶላታል። ልጁን ዋሾ ያደረግነው እኛ ነን።

እናንተም ወጣቱን ሁሌ "ትርፍ ጊዜህን ወደ ገቢ ቀይር" ከማለት አንዳንዴ ብትተዉት ጥሩ ነው። በተረፈ ከአንባቢ የሚመጣላችሁን ፖስታ የምትጥሉት ከሆነ ቴምብሩን አትጣሉብኝ፣ ለምን እንደፈለግኩት ግን እንዳትጠይቁኝ።

አንባቢያችሁ ከጅማ