ለቱሪዝም ሚኒስቴር፦ የአንድ ቀን ጉዞ አውቶቡሶች አስጎብኚ ይኑራቸው

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ቱሪዝም ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወደ ወንጪ፣ ወደ ደንዲና ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚደረጉ የደርሶ መልስ የአውቶቡስ ጉዞዎች በሠለጠነ አስጎብኚ እንዲመሩ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ተጓዦችን ወደ ወንጪና ደንዲ ሐይቆች፣ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆችና ወደ መናገሻ ሱባ ደን አድርሰው በዚያው ዕለት የሚመልሱ ኮስተሮችና ሚኒባሶች እየበረከቱ መምጣታቸውን ሚኒስቴሩ የሚያውቀው ነው። እኔ በከተማዋ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ በእነዚህ መኪኖች ከቤተሰቤም ከተማሪዎቼም ጋር ተጉዣለሁ። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ሎጅ ውስጥ አድሮ መመለስ ከአቅም በላይ በመሆኑ፣ አገሩን በዓይኑ የሚያይበት መንገድ ይኸው የአንድ ቀን ጉዞ ነው ማለት ይቻላል። ስለ አገር ውስጥ ቱሪዝም ሲነገር በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባውም ይህ ተሳፋሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለጉብኝት ተብሎ ሰው የሚያሳፍር ማንኛውም አውቶቡስ፣ የሚሄድበትን ስፍራ ጠንቅቆ የሚያውቅና ለዚህ ሥራ የሠለጠነ አስጎብኚ ሳይዝ እንዳይወጣ፣ ሚኒስቴሩ ከክልሎችና ከከተማ አስተዳደሩ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ ሥርዓት እንዲያበጅለት።

አሁን ያለው አሠራር የታወቀ ነው። ጉዞ አዘጋጁ በቴሌግራም ማስታወቂያ ያወጣል፤ ክፍያው መጓጓዣን፣ ቁርስና ምሳን፣ የታሸገ ውኃን፣ አንዳንዴም ፎቶ አንሺን እንደሚጨምር ይገልጻል። «አስጎብኚ» የሚለው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ቢኖር እንኳ፣ መኪናው ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ስም የሚጠራና ቀሪ ሂሳብ የሚሰበስብ ወጣት ነው። ወጣቱን ልወቅሰው አልፈልግም፤ ማንም አላሠለጠነውም፣ ማንም ስለ ስፍራው ምን እንደሚያውቅ አልጠየቀውም። መንገዱ በሙሉ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ሐይቁ ዳር ሲደረስ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳ ይበላል፣ ወደ መጡበት ይመለሳል። ከወንጪ የተመለሰ ተሳፋሪ ያየው ሐይቅ ተራራ አናት ላይ እንዴት ሊገኝ እንደቻለ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ወንጪ ደግሞ እንዲህ በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው ስፍራ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኘው ይህ ተራራ ከፍታው 3,386 ሜትር ይደርሳል፤ ሐይቁ የተኛው እሳተ ገሞራው ውስጡ ያለውን ከተፋ በኋላ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ነው። በሸለቆው የሚፈልቀው ፍል ውኃ ከሥር ያለው ሙቀት ዛሬም እንዳለ ያሳያል። እንሰትና ገብስ እያለማ በዚያው ጎድጓዳ ውስጥ የሚኖረው ገበሬ፣ በጅረት ጉልበት የሚዞረው የውኃ ወፍጮ፣ በደሴቲቱ ላይ ያለው የወንጪ ጨርቆስ ገዳም፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ የእግር ወይም የፈረስ መንገድ ላይ ተከታትለው የሚገኙ ናቸው። ብዙም ሳይርቅ ያለው ደንዲ ደግሞ ሁለት ክብ ሐይቆች በጠባብ አንገት የተያያዙበት ሌላ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ነው። ካልዴራ (እንዲህ ያለ ተደርምሶ የተፈጠረ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ) ምን እንደሆነ ለማስረዳት በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ክብ እሥላለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን አፋፉ ላይ ቆመው ጎድጓዳውን ዙሪያውን እያዩ አንድ ሰው በአሥር ደቂቃ ቢያስረዳቸው፣ የእኔ የአንድ ሳምንት ትምህርት የማይሰጣቸውን ያገኙ ነበር።

የደብረ ሊባኖስ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደረስበት ይህ ስፍራ በአንድ ጊዜ ገዳም፣ ገደልና የታሪክ ምስክር ነው። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋዩ ተነባብሮ ይታየዋል፤ ሸለቆው ወደ ጀማና ወደ ዓባይ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል የነበረው የኖራ ድንጋይ ይገለጣል። እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ሁሉም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋልና፣ ተሳፋሪው ፖርቱጋሎች ከ400 ዓመት በፊት እንደሠሩት አምኖ ይመለሳል። ሚዛን የሚደፋው አስተያየት ግን አሁን ያለው ድልድይ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አጎትና የሰላሌ ገዥ በነበሩት በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ እንደተሠራ የሚገልጸው ነው። የገዛ መሳፍንታችንን ሥራ ለሌላ ሰጥተን የምንመለሰው የሚነግረን ባለመኖሩ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን የግንቦት 1929 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። በየካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ፣ በጄኔራል ማሌቲ አዝማችነት ወደ ደብረ ሊባኖስ ዘመተ፤ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ግንቦት 12 የተሰበሰቡትን መነኮሳት፣ ካህናትና ምእመናን ከገዳሙ አውጥቶ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ለሮም ያሳወቀው የሟቾች ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከ1,400 በላይ ያደርሱታል። ዛሬ በዚያው ስፍራ አውቶቡስ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ከጭላዳዎች ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያም ይሄዳል። ጭላዳዎቹን ማየት ደግ ነው፤ በአገራችን ብቻ የሚገኙና ሣር ግጠው የሚኖሩ እንስሳት ናቸውና። ሆኖም ሙዝና ዳቦ የሚወረውርላቸውን ተሳፋሪ «ተው» የሚለው፣ እግሩ የቆመበት ምድር ምን እንዳየ የሚነግረውም አንድ ሰው ሊኖር ይገባል።

ይህንን ሥርዓት ከውጭ አገር መቅዳት አያስፈልገንም። የጽዋ ማኅበራትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ምእመናንን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ገዳማት ሲያደርሱ ኖረዋል። በእነዚያ ጉዞዎች ላይ የገዳሙን ታሪክና የጻድቁን ገድል በመንገድ ላይ የሚተርክ ሰው አለ፤ ከመድረሳቸው በፊት አለባበስን፣ ጫማ የሚወለቅበትን፣ ቅዳሴው የሚጀመርበትንና የመመለሻውን ሰዓት ያሳውቃል። ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ከመኪናው የሚወርድ ሰው የለም። አንድ ማኅበር በራሱ ሰዎች በጎ ፈቃድ ይህን ያህል ማድረግ ከቻለ፣ ክፍያ ተቀብሎ፣ ንግድ ብሎ የሚሠራ ጉዞ አዘጋጅ ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም።

አስጎብኚ የሚያስፈልገው ለተሳፋሪው ብቻም አይደለም። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ሲመረጥ፣ የተመረጠው ከነነዋሪው ነው፤ በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር የተሠራው ሎጅም የስፍራውን ስም ከፍ አድርጎታል። ይሁን እንጂ የወንጪ ሰው ከጉብኝት የሚያገኘው ጥቅም በአብዛኛው ከፈረስ ኪራይ፣ ከጀልባ፣ መንገድ ከመምራትና ከምግብ ነው። ምሳውን ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን እዚያው ጥሎ የሚሄድ አውቶቡስ ለዚህ ሕዝብ ምን ተወለት? ከተማሪዎቼ ጋር በሄድኩበት አንድ ጉዞ ላይ አዘጋጁ አስቀድሞ ከፈረስ አከራዮቹ ጋር አልተነጋገረም ነበርና፣ ዋጋ ላይ ክርክር ተነሥቶ ከቀኑ ምርጡ ሰዓት በጭቅጭቅ አለፈ፤ አከራዮቹ ተቀየሙ፣ ልጆቹ ደሴቲቱን ሳያዩ ተመለሱ። ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ የተሳፋሪውን ቁጥር ሁለት ቀን አስቀድሞ ለፈረስ አከራዮቹ ያሳውቃል፣ ተራው ይያዛል፣ ዋጋው በግልጽ ይነገራል፣ ምሳውም በአካባቢው እንዲዘጋጅ ያደርጋል። አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ቢቻል ከዚያው የበቀለ ሰው ቢሆን ደግሞ የበለጠ መልካም ነው፤ ስለ ተራራውና ስለ ጎርፉ፣ ስለ ኮሶውና ስለ አስታው ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አይገኝም።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ላንሣ። ወንጪ ደርሶ ለመመለስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊነሣ ቀጠሮ የተያዘለት አውቶቡስ ዘግይተው የሚመጡትን ሲጠብቅ 2 ሰዓት ሲያልፍ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የባከነው ጊዜ የሚካካሰው ሐይቁ ላይ ከሚቆዩበት ሰዓት ተቀንሶ ወይም በምሽት በፍጥነት በመንዳት ነው። ሁለተኛው እጅግ አደገኛ ነው፤ ለአንድ ቀን መዝናኛ ሲባል ቤተሰብን በጨለማ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማስነዳት ተገቢ አይደለም። ወንጪን፣ ደንዲንና አምቦን በአንድ ቀን እናሳያለን የሚሉ ማስታወቂያዎችም የሚጣደፍ ሹፌርና የደከመ ተሳፋሪ ከማፍራት ውጪ የሚሰጡት ጥቅም አይታየኝም። መነሻና መመለሻ ሰዓትን የመወሰን ሥልጣን የአስጎብኚው ቢሆን፣ ከመምሸቱ በፊት መመለስም የፈቃዱ ግዴታ ቢሆን ብዙ አደጋ ይቀራል። ከዚህ ጋር ተያይዞ፣ የትኛው መንገድ ለጉዞ አስተማማኝ እንደሆነ በየሳምንቱ ከጸጥታ አካላት ተጣርቶ ለጉዞ አዘጋጆች የሚደርስ መረጃ ያስፈልጋል። ዛሬ ይህ መረጃ የሚገኘው በስማ በለው ነው።

የምጠይቀው ሥራ ከሚኒስቴሩ አቅም በላይ የሆነ አይመስለኝም። የአንድ ቀን ጉዞ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ የፈቃድ ዓይነት ቢወጣለት፣ ዛሬ ያለ ፈቃድ የሚሠሩት ወጣቶችም ሥራቸውን ሳያጡ ወደ ሕጋዊ መሥመር ሊገቡ ይችላሉ፤ ሊባረሩ አይገባም፣ ሰውን ከቤቱ አውጥተው አገሩን እንዲያይ ያለመዱት እነሱ ናቸውና። የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት አጭር የቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ሊሰጥ ይችላል። ታሪክና ጂኦግራፊ ተምረው ሥራ ያላገኙ ተመራቂዎችም ለዚህ ሙያ ቅርብ ናቸው። ለእያንዳንዱ መሥመር ደግሞ በታሪክ፣ በሥነ ምድርና በዱር እንስሳት ባለሙያዎች የታረመ ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ በአስጎብኚው እጅ ቢኖር፣ የድልድዩን ዓይነት ስሕተት እየደጋገምን አንሄድም ነበር።

ዋጋ ይጨምራል የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ቀላል ጥያቄም አይደለም፤ እኔው ራሴ የትኬት ብር ቆጥሬ የምሄድ ሰው ነኝ። ነገር ግን የአንድ አስጎብኚ የቀን ክፍያ በአንድ ኮስተር ተሳፋሪዎች ላይ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ለተማሪዎች ጉዞ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለመምህሩ ሥልጠናውን አስጠንቶ አስጎብኚነቱን ራሱ መምህሩ እንዲይዝ ቢፈቀድ ተጨማሪ ወጪ አይኖርም።

ሁሉንም መሥመር በአንድ ጊዜ ማዳረስ የሚከብድ ከሆነ፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ በወንጪና በደብረ ሊባኖስ መሥመሮች ብቻ ቢሞከር እመርጣለሁ። ክረምቱ አልፎ ደጋው አደይ የሚለብስበት፣ ተጓዡም የሚበዛበት ወቅት ነውና ውጤቱ ፈጥኖ ይታያል። በሁለቱ መሥመሮች ላይ የሚያገለግለውን የሥነ ምድርና የመልክዓ ምድር ጽሑፍ በማዘጋጀት ያለ ክፍያ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼም እንደሚተባበሩ አልጠራጠርም። ሚኒስቴሩ ስለዚህ ጥያቄ የደረሰበትን ውሳኔ፣ ይሁንታም ይሁን አይሁን፣ ለሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቅ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኦሮሚያ ቱሪዝም ኮሚሽን
ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር