እማማ፣ ከሰሉ ይግባ ወይስ አይግባ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ አዘዞ ነው የምትኖረው። ባለፈው ፋሲካ ሴራሚኩ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ አንሸራቶ ጣላትና ዳሌዋ ተሰበረ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው ወድቆ ይሞታል፤ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

ምክራችን ሰልችቷት ነበር። «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» ትለናለች። የእህቴ ልጅ ግን የራሷን ቤት በስልኩ ፎቶ አነሳና በቴሌግራም የጥያቄ ጨዋታ ሠራላት። ማንበብ ስለማትችል ጥያቄውን በድምፁ ቀዳው። «እማማ፣ ከሰሉ ቀልቷል፤ ጭስ የለውም። መኝታ ቤት ይግባ?» «ይግባ» አለች። ተሳሳተች! ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የጎንደርን ብርድ ፈርቶ በር ዘግቶ ለሚተኛ ሰው ገዳይ ነው። ያቺን ስህተቷን እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። አሁን ማንደጃው ደጅ ነው የሚያድረው። በቀደም ደግሞ ማንም ሳይነግራት «ይሄ የቻርጀር ገመድ ከመንገዴ ይነሳ» አለች።

ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ጨዋታ በስልካቸው ይያዙልን። በአማርኛ፣ በድምፅ፣ በእኛው ቤት ፎቶ ይሁን። የእናንተም ዝግጅት ጉዳዩን ያንሳልን።

አክባሪያችሁ፣ ከጎንደር