ማሽኑን «በሕግ አምላክ» ቢሉት አይቆምም

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በማሽን ለሚሰጥ ውሳኔ ምክንያቱ እንዲነገር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የሕግ መምህር ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የማጠናው አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር በሰው ላይ ሲወስን ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል? በወረቀት ላይ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስና የኑሮ ልዩነት» ተብሎ ይጻፋል። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ ግን «ልጄ ኮምፒውተርን ይከሳል» ነው የምትለው። ብዙም አልራቀችም።

ለእናንተ የምጽፈው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን እንድታስፈጽሙ ኃላፊነቱ ስለተሰጣችሁ ነው። ብዕር ያስነሣኝ ግን አዋጁ አይደለም። ሰፈሬ ያለው ጉልት ነው።

ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት አለች። አንድ የበዓል ሰሞን ሽንኩርት በጆንያ ልታወርድ ፈልጋ ገንዘብ አጠራት። በስልክ የሚሰጥ ብድር እንዳለ ሰምታለች። ልጇ ሞከረላት። ደቂቃ ሳይሞላ አጭር መልእክት መጣ፤ «ለጊዜው ለዚህ አገልግሎት ብቁ አይደሉም።» በነጋታው ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችና «አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን አጠፋሁ ብለህ ጠይቅልኝ» አለችኝ። መልእክቱን ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ በላይ የሚነበብ ነገር የለውም።

እንዲህ ያለ ብድር ቤት አስይዙ፣ መኪና አስይዙ አይልም። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። በመያዣው ፋንታ ማሽኑ እንቅስቃሴ ያያል፤ በስልኩ ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የቀደመ ብድር በጊዜው ተመለሰ ወይ? ከዚያ ተነሥቶ ነጥብ ይሰጣል። የእሷ ሲም ካርድ ግን በልጇ ስም ነው። ደንበኛ በስልክ ሲከፍላት ገንዘቡ የሚገባው ልጇ ሂሳብ ውስጥ ነው። የቀረው በጥሬው ይመጣና መቀነቷ ጫፍ ላይ ይቋጠራል። ማሽኑ ፊት እሷ የለችም። ሲም ካርዷ በባሏ ወይም በልጇ ስም የሆነ ሴት ደግሞ ጉልት ውስጥ እሷ ብቻ አይደለችም።

የዕቁቧን ጸሐፊ ብትጠይቁት ሌላ ታሪክ ይነግራችኋል። በየሳምንቱ ሳታዛንፍ ትጥላለች። ዕጣ ሲወጣላት ዋስ ጠርታ ትወስዳለች፤ ዋሷን አንድም ቀን አላስጠየቀችም። ዕቁብ ውስጥ ብትከለከል እንኳ ለምን እንደሆነ ይነገራታል። ዋስሽ አይበቃም ከተባለች ሄዳ ሌላ ታመጣለች። ለማሽኑ ዋስ አይጠራም።

ማሽኑ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። ልክም ሊሆን ይችላል። ግን ልክ መሆኑን በምን እናጣራ?

ልጠይቅላት ቃል ስለገባሁ ከዩኒቨርሲቲዬ የትብብር ደብዳቤ አጽፌ ወደ አበዳሪው ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ተብዬ ተመለስኩ። ማኅተሙን አስደምቄ መጣሁ። ሁለተኛው ቀን «የሚመለከተው ክፍል» ስብሰባ ላይ ነበር። በሦስተኛው አንድ ትሑት ወጣት ተቀበለኝ፤ ሻይም ጋበዘኝ። ነጥቡ በምን እንደሚሰላ ስጠይቀው «የንግድ ምስጢር ነው» አለኝ። ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ልንገርህ መምህር፣ እኛም አናውቀውም። ሲስተሙ የመጣው ከውጭ ነው» አለ።

የልጁን ቅንነት ወደድኩለት። መልሱ ግን አስፈራኝ።

«የንግድ ምስጢር» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ተከሳሽ ቅጣት ሲወሰንበት ዳኛው ካዩት ሰነድ አንዱ ኮምፓስ የተባለ ፕሮግራም ያወጣው ግምት ነበር፤ ሰውዬው ወደፊት ወንጀል የመፈጸም ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚል። ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ ልይ ቢል የኩባንያው ምስጢር ነው ተባለ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ለዳኞች ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸውና ይጠቀሙበት ብሎ ወሰነ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁሌም ይንጫጫሉ። በላ ልበልሃ እየተባለ ፊት ለፊት ሲሟገትበት በኖረ አገር መልስ የማይሰጥ ባላጋራ አይዋጥላቸውም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ የሄግ ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ሲሪ የተባለውን የመንግሥት አጭበርባሪ መፈለጊያ ሥርዓት ሕገ ወጥ አለው። አሠራሩ ግልጽ አይደለም፣ ሊጣራም አይችልም ነበር ምክንያቱ። ያሰማሩት ደግሞ በድሃ ሰፈሮች ነበር። ሌላም ጉድ ነበር። የግብር መሥሪያ ቤቱ ለልጅ መዋያ የሚሰጥ ድጎማን አጭበርብራችኋል ብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን ዕዳ ውስጥ ከቷቸው ነበር። ተጠርጣሪ የሚመርጠው ሥርዓት የሰውን ዜግነት ሳይቀር ይመለከት ነበር። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ካቢኔው ሥልጣን ለቀቀ። ኬንያም ሩቅ አይደለችም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁዱማ የተባለውን የዲጂታል መታወቂያ ካርድ ሥርጭት ሕጉን ያልተከተለ ነው አለው፤ በሰው መረጃ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ አልተጠናማ።

ሥራዬ ይህ ነው ስል የኮምፒውተር ሰዎች «ሕግ ተምረህ ምን አገባህ?» ይሉኛል። የሕግ ሰዎች ደግሞ «ይሄ መቼ እኛ ጋ ደረሰ?» ይላሉ። ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «መምህር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?»

በቴክኖሎጂው በኩል የእኛ ልጆች ስም ዓለም ላይ ትልቅ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞች ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ቢበዛ በመቶ 0.8 ሲሆን ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 እንደሚደርስ አሳይታለች። ረድኤት አበበ ስሌትና ድህነት የሚገናኙበትን ታጠናለች። አበባ ብርሃኔ ማሽኖች የሚማሩበትን የመረጃ ክምችት እየበረበረች ገመናውን ታወጣለች። በሕጉ በኩል ግን ሰው ሳሳ ያለ ነው። ጎበዝ ተማሪዎቼ ለማስተርስ ሲሄዱ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩት ስለ ሄግና ስለ ዊስኮንሲን ነው። አልፈርድባቸውም። እዚያ መዝገብ አለ። እዚህ ያለው አንድ መስመር አጭር መልእክት ነው፤ በእሱ ደግሞ ጥናት አይጻፍም።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰው ላይ ሲወስን ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። የእናንተው አዋጅም በማሽን ብቻ ለሚሰጥ ውሳኔ ያለመገዛት መብት ይሰጣል። ሁለቱም ጥሩ ሕጎች ናቸው። ባለጉልቷ ግን «መብትሽ ነው» ብላት ስልኳን አይታ ትስቃለች። በምታወጡት መመሪያ ውስጥ፣ ማሽን «አይሆንም» ሲል ለምን እንደሆነ ከዚያው መልእክት ጋር እንዲጻፍ አዝዙልን። ሰውዬው በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ። «በስምዎ የተመዘገበ በቂ የገንዘብ እንቅስቃሴ የለም» ቢባል ለእሷ በቂ ነበር። ሲሟን በስሟ ታዛውራለች፣ አለቀ። ሚስጥራዊ ቀመር አላስወጣንም፣ የማንንም ንግድ አላፈረስንም።

ከመልእክቱ ሥር አቤት የሚባልበት ስልክ ቁጥርም ይኑር፤ የሚያነሣውም ሰው ይሁን። ይህን የምለው ያየሁትን አይቼ ነው። ለፋይዳ ስመዘገብ ከፊቴ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ነበረች። አሻራዋ አልነበብ አለ። ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ እንደገና አስቀመጠች፣ አሁንም እምቢ። መዝጋቢዋ ልጅ አልተናደደችም። እጇን ይዛ «እማማ፣ ቀስ ብለው ይጫኑት» እያለች በስድስተኛው አስነበበችላት። ማሽኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው «አይሆንም» ብሎ ያበቃ ነበር።

የብድሩ ነገር የብሔራዊ ባንክ ጉዳይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ብድሩ አዎ። ነጥቡ የተሰላበት ግን የእሷ መረጃ ነው፤ የመረጃው ጥበቃ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

እግረ መንገዴን ለራሴም ልለምን። ተቋማት የከለከሏቸውንና የፈቀዱላቸውን ሰዎች ብዛት ከነምክንያቱ፣ ስም ሳይጠቀስ፣ በዓመት አንዴ ለእናንተ እንዲያሳውቁ አድርጉ። ከዚያ ለአጥኚ ክፈቱት። የትብብር ደብዳቤ አምጡ ካላችሁም አመጣለሁ፤ ማኅተሙን አስደምቄ።

ድሮ መንገድ ላይ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት መቆም ነበረበት። ሽማግሌ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን ይቆማል፤ ከዚያ ይነጋገራሉ። ጎረቤቴ ያንን የምትልበት ቦታ ነው ያጣችው። ሽንኩርቱን ለበዓሉ አላወረደችም። ከአራጣ አበዳሪ ልትወስድ ስትል የዕቁብ ጸሐፊው ሰማና የሚቀጥለውን ዕጣ ከባለዕጣው ጋር አለዋወጣት። እስካሁን ባየችኝ ቁጥር «ያ ነገር ምን አሉህ?» ትለኛለች።

ምን ልበላት?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ መምህር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት