ከሰመራ ለመጣን ተማሪዎች ቤትና ልብ ለከፈታችሁ የአዲስ አበባ ሰዎች

ይድረስ ባለፈው ጥር በእንግድነት ለተቀበላችሁን ሁሉ፦

እኛ ከሰመራ የመጣን ተመራቂ ተማሪዎች ነን። አብዛኞቻችን አዲስ አበባን ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን እንጂ በዓይናችን አይተናት አናውቅም። የጉዞውን ገንዘብ ከየወሩ የኪስ ገንዘባችን እየቀነስን አዋጣን፤ ከአውቶቡሱ ደርሶ መልስ የተረፈው ግን ለሆቴል አይበቃም ነበር። ሁላችንም በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ያ የሆነው በእናንተ ስለሆነ ምስጋናችንን በአደባባይ ልናደርስ ወደድን።

አስቀድመን ኮተቤ ያሉትን የጓደኛችንን አክስት እናመሰግናለን። ሴቶቹን ሳሎናቸው ውስጥ አስተኙ፣ ወንዶቹን ለጎረቤት አከፋፈሉ። የቆላ ልጆች መሆናችንን ያወቁት ገና በመጀመሪያው ምሽት ስንንቀጠቀጥ ሲያዩ ነው። ወዲያው ከየቤቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ተሰበሰበ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ አብልተው፣ ቦርሳችንን ወደ ፊት አዙረን እንድንይዝ አሳስበው፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኙን ነበር። እማማ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን።

ከሁሉም በላይ ግን ባለውለታችን ቀበና ድልድይ አቅራቢያ ጀበና ቡና የምትሸጠው እህታችን ናት። ከመካከላችን አንዷ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስታነብ ቆይታ አመሻሽ ላይ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። የአዲስ አበባ ሰው «ሿሿ» የሚለው ነገር ደረሰባት። ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡት ሁሉ የአንድ ቡድን ሰዎች ነበሩ። «በሩ አልዘጋ አለ፣ ጠጋ በይ» እያሉ ተደራረቡባት፤ ትንሽ እንደሄዱ «መኪናው ተበላሽቷል፣ ውረጂ» አሏት። ወርዳ ኪሷን ስትዳብስ ስልኳ የለም። የሁላችን መዋጮ፣ የመመለሻችን ገንዘብ ጭምር፣ ያለው በዚያ ስልክ ቴሌብር ላይ ነበር።

ባለ ቡናዋ እህታችን ስታለቅስ አየቻት። ዱካ ስባ አስቀመጠቻት፣ የራሷን ስልክ አውጥታ እጇ ላይ አደረገችላትና «ልቅሶው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሲሙን አዘጊ» አለቻት። በ994 ተደውሎ ሲም ካርዱ ተዘጋ። ከዚያ ወደ እኛ ተደወለ። እስክንደርስ ድረስ ደንበኞቿን ትታ አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀችን፤ ስኒዎቹ እንደተቀዱ ቀዝቅዘው ነበር። የቡናውን ሂሳብ ልንከፍል ብንለምናት እጃችንን መለሰችው። በማግስቱ ጓደኛችን መታወቂያዋን ይዛ ምትክ ሲም አወጣች፤ ገንዘቡ አንድ ብር ሳይጎድል ተገኘ። ስልኩ አልተገኘም፤ እኛ ግን አገራችን ገባን። ያቺ እህት ባትኖር ኖሮ የመሳፈሪያ የምንለምነው ማንን ነበር?

ከዚያ ምሽት በኋላ መገናኛ ያሉት ተራ አስከባሪዎች እንደ ታላቅ ወንድም ሆኑልን። የሆነውን ስንነግራቸው በየምሽቱ ሰልፉ ላይ ለይተው ያውቁን ጀመር፣ ተቆጥረን ሳናልቅም ታክሲው አይነሳም ነበር። እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያስጎበኘንን ወንድማችንን ሳናነሳ አናልፍም። ድንቅነሽ በ1967 የተገኘችው ሐዳር፣ አፋር ውስጥ ነው። ሰላምና አርዲ የተባሉት ጥንታዊ ቅሪተ አካላትም የተገኙት እዚያው አፋር ነው። ከየት እንደመጣን ሲሰማ ገለጻውን አቆመና የአፋር ተወላጅ የሆነውን ጓደኛችንን ወደ መስታወቱ አቀረበው፤ የአዋሽ ሸለቆ አፈሩ፣ ገደሉ፣ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል እንዲናገር ጠየቀው። ሌሎች ጎብኚዎችም ከበው አዳመጡ። ዓይን አፋር ነው ጓደኛችን፤ ያን ቀን ግን ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ለዕይታ የቀረበው የድንቅነሽ አጥንቶች ቅጂ እንደሆነ ስንሰማ ጥቂት ቅር ቢለንም፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረን አጥንት በጥንቃቄ መያዝ ተገቢ እንደሆነ አምነናል።

አርብ ዕለት መርካቶ ነበርን። ሙስሊም ጓደኞቻችን አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሲሰግዱ ሌሎቻችን ጎን ለጎን ባለው ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጠበቅናቸው። ጫማችንንና ቦርሳችንን የጠበቃችሁልን፣ መንገድ ያሳያችሁን ነጋዴዎች፣ ገበያችሁ ይድራ።

ከመገናኛ ስታዲየም ድረስ በቀላል ባቡር በጥቂት ብር ደርሰን፣ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያለ መግቢያ ክፍያ ጎብኝተናል። ያስጎበኙን አባት የፎቶዎቹን ባለቤቶች በስም እየጠሩ ነገሩን። እዚያ ያየነውን ለመጻፍ ይህ ደብዳቤ አይበቃም። አባታችን፣ ያን ሁሉ ሐዘን ደጋግመው ስለሚነግሩን ከልብ እናመሰግናለን።

ወደ ሰመራ የምትመጡ ሁሉ፣ በተለይ ተማሪዎች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ኑ፤ ሙቀቱ የሚቻለው ያኔ ነው። ማደሪያ አትከራዩ። ቀበና ያለሽው እህታችን፣ አንቺ ከመጣሽ ደግሞ ቡናውን የምናፈላው እኛ ነን፤ ስልክ ቁጥራችን እጅሽ ላይ አለ።

በተማሪዎቹ ስም፣
የጉዞው አስተባባሪ