የቁስል ጥናት ሕመሙንም ይለካ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አዳዲስ የቁስል መሸፈኛዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እኔን ያሳሰበኝ እንዲህ ያሉ መሸፈኛዎች የሚፈተኑባቸው ጥናቶች የሚለኩት ነገር ነው። ብዙዎቹ የቁስሉን ስፋት ለክተው በጥቂት ወራት ውስጥ ያበቃሉ። ታማሚውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሕመሙና ሽታው ነው፤ ፋሻው ከቁስሉ ላይ ሲላቀቅ ያለውን ስቃይ ያየ ያውቀዋል። ደግሞም የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ከዳነ በኋላ ከ10 ሰዎች በ4ቱ ገደማ በዓመት ውስጥ ይመለሳል። አጭር ጥናት ይህን ከየት ያየዋል?

ለታማሚው ትርጉም ያለውን ነገር በሰፊው መለካት ይቻላል። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ክራሽ-2 የተባለ የሕክምና ጥናት በአደጋ የተጎዱ ከ20,000 በላይ ሰዎችን አሳትፎ፣ የለካው በዋናነት ሞትን ነበር። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት ቶሎ ሲሰጥ ሕይወት እንደሚያተርፍም በዚያ ታወቀ።

ስለዚህ የቁስል ጥናቶች ሕመምንና የቁስሉን መመለስ እንደሚለኩ ከመጀመራቸው በፊት ያስመዝግቡ። ክትትሉም ቢያንስ አንድ ዓመት ይሁን።