ሐሙስ ለት ስልኩን የዘጋሁት ራሴ ነኝ

ይድረስ ለእትዬ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም እትዬ። እንዴት ከረማችሁ? ጦሳ አሁንም ጉሙን እንደለበሰ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ ከጀርመን፣ ከላይፕዚግ ብርድ በቀር ደህና ነኝ።

ሐሙስ ለት ስልኬ የተዘጋው «በኔትወርክ ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። የዚያን ሌሊት የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንዲት አሮጊት እጄን እንደያዙ አረፉ። ጠዋት ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የድምፅ መልእክትሽን ከፈትኩት። የጎረቤታችን ልጅ ኩላሊት፣ የአክስታችን የቤት ኪራይ፣ መጨረሻ ላይ ያንቺ ለቅሶ። አስራ አንድ ደቂቃ። ሳልጨርሰው ስልኩን አጥፍቼ ትራስ ሥር ከተትኩት። ቂም ይዤብሽ አይደለም፣ ወላሂ።

ሥልጠና ላይ ስለ ታኒያ ዚንገር ነግረውናል፣ የአንጎል ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት 16 ሴቶችን ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል መመርመሪያ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የፍቅር ጓደኞቻቸውን እጅ በኤሌክትሪክ ነዘሩ። ራሳቸው ሲነዘሩ ከሚቀሰቀሰው የአንጎል ክፍል ከፊሉ፣ ጓደኛቸው ሲነዘርም ተቀሰቀሰ። ቃጠሎው ሳይሆን ጭንቀቱ ነው የሚጋባው። «አንጀቴን በላው» የምንለው ለካ ማጋነን አልነበረም! ኋላ ደግሞ ሰዎችን የሌላውን ስቃይ አብረው እንዲሰማቸው ብቻ ሲያለማምዷቸው መንፈሳቸው ወደቀ፤ ለተቸገረው መልካም መመኘትን ሲያለማምዷቸው ግን ቀና አሉ።

ይህን ስሰማ ማን ትዝ አለችኝ መሰለሽ? አባባ ያለፈ ጊዜ የመጣችው የቅሬያችን፣ የእድራችን ሴትዮ። ከደጃፍ ጀምራ እየጮኸች ገባች፣ አንቺን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ «ሽሮው የት ነው?» አለች። ልበ ደረቅ ብለን አምተናታል፣ እኔም አንቺም። እህል ያቀመሰችን ግን እሷ ናት።

አንቺ ደግሞ የሰው ችግር ስትሰሚ «እኔ ብሆንስ» እያልሽ ሌሊቱን ትገላበጫለሽ። «እሷን ምን ጎደላት» ብለሽ ብትጠይቂ ይቀልሽ ነበር። መካሪ ሆኜ ነው እንዳትይ፣ እኔም ገና አልቻልኩበትም።

ከእንግዲህ እሁድ ከዙሁር በኋላ እንደዋወል፤ ሌሊት ከሥራ ስገባ ግን አላነሳም። በየወሩ የምልክልሽ አይቀንስም። ለሌላው ሁሉ ግን «እሷን ልጠይቅላችሁ» አትበያቸው፣ ስታስጨንቂኝ እምቢ ማለት አልችልም። የልጁን ነገር ለብቻው ጻፊልኝ፤ ሐኪሙ ምን አለ፣ ስንት ጎደላቸው። የምችለውን እልካለሁ።

አብሽሪ እትዬ። በርበሬው ሊያልቅብኝ ነው፣ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ትንሽ ላኪልኝ።

ታናሽሽ