«አይሆንም» ላላችሁኝ ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

በቅድሚያ ልጄንና እኔን ከውኃ ላይ በሰላም ላወጣን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎም በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ከተማ ለምትገኙ፣ በጓሮዬ የጀመርኳት ትንሽ የእንጨት ሞተር ጀልባ በሎጎ ሐይቅ ላይ እስክትንሳፈፍ ድረስ በጉልበታችሁ፣ በምክራችሁና በዱዓችሁ ላልተለያችሁኝ ወገኖቼ በሙሉ ይህን መልእክት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የጀልባዋ ሞተር ሐይቁ ላይ ጠፍቶብን የደረሰብንን ሰምታችሁ ቤታችን ድረስ የመጣችሁት ብዙ ስለሆናችሁ፣ በየደጃችሁ ዞሬ ላመሰግናችሁ አልቻልኩም፤ ስለዚህም ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ መምህር እንጂ አናጺ አይደለሁም። ጀልባ የመሥራት ፍላጎት ያደረብኝ በልጅነቴ አያቴ ዘንድ ለክረምት እየሄድኩ ሐይቁ ዳር ስቀመጥ ነው፤ ሥራው ግን 14 ወር ፈጅቶብኛል። በእነዚህ ወራት «በርታ» ላላችሁኝ ሁሉ ባለውለታችሁ ነኝ። ሆኖም ዛሬ ከሁሉ አስቀድሜ ማመስገን የምሻው፣ ስህተቴን አይታችሁ ዝም ያላላችሁኝን፣ «ይህ አይሆንም፣ አፍርሰው» ያላችሁኝን ነው። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት የዋለችው በእናንተ ምክንያት ነውና።

የመጀመሪያው ባለውለታዬ ጎረቤታችን፣ በአናጺነት ያረጁት ጋሼ ናቸው። ውኃ አይነካውም ተብዬ የገዛሁትን ኮምፔንሳቶ ባሳየኋቸው ጊዜ ምንም ሳይናገሩ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጠው፣ ድስት ውስጥ ጨምረው አንድ ሰዓት ሙሉ ቀቀሉት። ቁራጩ ሲወጣ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላልጠው ነበር። በዚያ እንጨት ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ጀልባዋ በአንድ ክረምት ውስጥ ትፈታ እንደነበር ያስረዱኝ ያኔ ነው። ሌላ ሱቅ አብረውኝ ሄደው፣ ሳንገዛ ቁራጭ ወስደን እንድንቀቅል ባለሱቁን አስፈቀዱልኝ፤ ያ ወንድማችን ያለ ምንም ቅሬታ ስለፈቀደልን እሱንም ከልብ አመሰግነዋለሁ። የአንዱ ጣውላ ርዝመት 2 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የጀልባዋ ርዝመት ግን ከ4 ሜትር ስለሚበልጥ ሁለቱን ማጋጠም የግድ ነበር። ጋሼ የ6 ሚሊ ሜትሩን ጣውላ ጫፍ በውፍረቱ 8 እጥፍ ርዝመት በመላጊያ አሹለው፣ አንዱን በሌላው ላይ አስተኝተው ሲያጣብቁት ዓይን መገጣጠሚያውን ለይቶ አያገኘውም ነበር። ዋጋ እንዲቀበሉኝ ሁለት ጊዜ ለምኛቸው ሁለቱንም ጊዜ ቡና ብቻ ጠጥተው ሄዱ።

የጀልባዋ ጎንና ወለል የተያያዙት በምስማር አይደለም። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በትራፓኖ ተበስተው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎረቤቴ ከቁርጥራጭ ገመዶቹ ልጦ በሰጠኝ የመዳብ ሽቦ እንደ ጨርቅ ከተሰፉ በኋላ፣ ማዕዘኖቹ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫና በደቀቀ ሰጋቱራ ተሞልተው ፋይበር ግላስ በሚባል የመስታወት ክር ጨርቅ ተሸፈኑ። ኢፖክሲውና ማጠንከሪያው በትክክለኛው መጠን ካልተደባለቁ በደንብ አይደርቁም፤ ባለቤቴ እያንዳንዱን ቅልቅል በሚዛን እየለካች፣ ሰዓቱን እየያዘች፣ አንድም ጊዜ ሳትሳሳት ስለረዳችኝ ጀልባዋ የእኔን ያህል የእሷም ናት።

ይሁን እንጂ ያልገመትነው የደሴ ብርድ መጣብን። ወሩ ኅዳር ነበር። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ሌሊቱ ለሙጫው አልተስማማውም፤ የቀባነው ሳይደርቅ 3 ቀን ሙሉ እጅ ላይ ሲጣበቅ ሰነበተ። ቤት ውስጥ ከሰል አንድደን ልናሞቀው ስናስብ፣ ጎረቤታችን እማማ «ልጆች በሚተኙበት ግቢ ከሰል አፍናችሁ ሰው ልትገድሉ ነው ወይ?» ብለው ምድጃውን ከእጄ ነጠቁኝ። እግዚአብሔር እድሜ ይስጥልኝ፣ እማማ። በማግስቱ የባለቤቴ ወንድም ከኮምቦልቻ ደውሎ የበጎቹን ማደሪያ ባዶ እንዳደረገልን ነገረን። ግማሽ የተሠራችውን ጀልባ በአይሱዙ ጭኖ የሐረጎን ጠመዝማዛ በእርጋታ ያወረደልን ሹፌር የነዳጁን ብቻ ተቀብሎ ተመለሰ። ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ ሙቀት ሙጫው በ2 ቀን ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

ሞተሩ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ያገለገለ፣ ባለ 5 የፈረስ ጉልበት ነው። የኮምቦልቻው መካኒክ ወንድሜ ገና እንዳየው ሜትሩን አውጥቶ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ ለካና ከፍታው 44 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አሳየኝ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ እግሩ አጭር ሞተር የሚያስፈልገው ግን 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለበት ቢተው ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር ወደ ውኃው ወለል ተጠግቶ አየር እየሳበ ባዶውን ይሽከረከር ነበር። ያን ሳንቃ ለማጣበቅ ሁለት ሳምንት ደክሜበት ስለነበር ሲያስቆርጠኝ አዝኜ እንደነበር አልደብቅም፤ ዛሬ ግን በአደባባይ አመሰግነዋለሁ። ሐይቁ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ሞተሩ በአየሩ መሳሳት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል እንደሚያጣ ነግሮኝ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለዚያ አየር አስተካክሎ፣ በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት እንድቀላቅል በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል።

አሁን ወደ እናንተ፣ የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች፣ እመለሳለሁ። ከመካከላችሁ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ጀልባዋን ዞረው ካዩ በኋላ ሦስት ነገር አዘዙኝ፦ ከመቀመጫዎቹ ሥር አፋቸው የታሸገ 6 ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች እንዳስር፣ መቅዘፊያና ረጅም ገመድ እንድይዝ፣ እንዲሁም ከቀትር በኋላ ከቶ እንዳልወጣ። ገመዱንም የራሳቸውን ሰጡኝ። ሁለቱን ሰማሁ፤ ሦስተኛውን ግን አልሰማሁም። ባለፈው ቅዳሜ ጭነቱ አዘግይቶን 8 ሰዓት ላይ ከዳር ለቀቅን። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ ገና ሳንርቅ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንተፋትፎ ጸጥ አለ። ቤንዚኑን ሳላጣራ ቀድቼ ኖሮ ከሥሩ የነበረው ውኃ ወደ ካርቡሬተሩ ገብቶ ነበር፤ ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ ነው። ነፋሱ በርትቶ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የሐይቁ መካከል ይወስደን ጀመር፤ ማዕበሉ በጎን እየገባ ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ልጄ አልጮኸችም። ጀሪካን አቅፋ ፊቴን ብቻ ታይ ነበር፤ ያ አስተያየቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እናንተ ግን መረባችሁን ውኃ ውስጥ ትታችሁ በሁለት ታንኳ መጣችሁ። የዕለት እንጀራችሁ የሆነውን ቆሮሶ ዓሣ ትታችሁ፣ በዚያ ነፋስ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቀዝፋችሁ ጎትታችሁ አወጣችሁን። ዳር ስንደርስም አንዳችሁ ጋቢውን ለልጄ አለበሰ፣ ሌላችሁ ሻይ አፈላ፤ አባባም «አብሽር፣ ጀልባህ ደህና ናት፣ ሰዓቱ ነው ያልሆነው» አሉኝ እንጂ አልወቀሱኝም። በዚያች ምሽት የተቀደዱትን ሁለት መረቦች ዋጋ ልከፍል ስጠይቃችሁ አሻፈረኝ ብላችኋል፤ እባካችሁ ይህን አትከልክሉኝ።

ጀልባዋን መርምረናታል፤ አንድም ስፌቷ አልተከፈተም። ማጣሪያ ገጥሜላታለሁ፣ ሞተሩም ታጥቧል። ከእንግዲህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ውኃ ላይ አታገኙኝም። የተጎተትንበት የአባባ ገመድ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ደርቆ ተጠቅልሏል፤ በመጪው እሑድ ማለዳ ከአዲስ መረብ ጋር ይዤው፣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣ የጀልባዋ ባለቤት
ከደሴ